የአክስቴ ድምፅ ያለበት ፎልደር

አክስቴ ጡረታ የወጣች የጂኦግራፊ መምህርት ናት፤ ማረፍ የሚባል ነገር ግን ከቶ አልገባትም። ማየት ለተሳናቸው ተማሪዎች የመማሪያ መጽሐፋቸውን በድምፅ ትቀዳላቸዋለች። እሷ በክፍሏ ታነባለች፤ እኔ በክፍሌ ኮምፒውተር ሳሏንና የጎረቤቱን ውሻ ቆርጬ አወጣለሁ። ፋይሎቹ ያሉት እሷ ኮምፒውተር ላይ ነው። እኔ በቤታችን ዋይፋይ እከፍታቸውና እዚያው ላይ እሠራለሁ። ፎልደሩን ስታጋራ «ከወንድሜ ምን እደብቃለሁ?» ብላ ለሁሉም ክፍት አድርጋው ነበር።

ወንድሟ እንግዲህ አባቴ ነው። ሳሎን ያለው ኮምፒውተሩ በኳስ ቪዲዮ ጢም ብሏል። አንድ ቀን ቦታ ላስለቅቅ ብሎ ሲጎረጉር ያንን ፎልደር አየ። «ይሄማ ኮፒ ነው፣ ዋናው እህቴ ጋ አለ» ብሎ ጠራርጎ አጠፋው። ወይ አባዬ! ሳሎን ተቀምጦ ያጠፋው ዋናውን ነው። በኔትወርክ የጠፋ ደግሞ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ እንኳ አይገኝም።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀስ ብላ እንደገና ትቀዳው ነበር። ግን በሚቀጥለው ወር እንቅርቷ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ነው፤ ሐኪሙም ድምፅሽ ላይመለስ ይችላል ብሏታል። ተማሪዎቹ ፈተና ደርሶባቸዋል። እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው!

አባቴ በሯ ላይ ቆሞ «እታለም፣ እጄን ቁረጪው» አለ።

«እጅህን ምን ላርገው? ዞር በል፣ ሥራ አለኝ።»

እንደገና ማንበብ ከመጀመሯ በፊት ፎልደሩን መቆለፍ ያዘች።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አልኳት፣ ተናድጄ።

«ጅቡ መች ሄደ? ሳሎን ቁጭ ብሏል!»

«ለሁሉም» የሚለውን ሰረዘችው። ለእኔ በስሜ መግቢያና ፓስዋርድ ሰጠችኝ፤ ማረምም ማስቀመጥም እችላለሁ። አባቴ የራሱን መግቢያ አገኘ፤ ማዳመጥ ብቻ። እንግዳ ዋይፋይ መጠየቁ አይቀርምና ለእንግዳ ሌላ መስመር ለየች። እኔ ደግሞ ሥራ ባበቃን ቁጥር ሁሉንም ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጬ እንድነቅል ታዘዝኩ።

አባቴ ከፋው። «የገዛ ወንድምሽ ሌባ ሆንኩ?»

«ሌባስ ቢሆን ኮፒውን ወስዶ ዋናውን ይተውልኝ ነበር» አለችው።

ከዚያ ማንበብ ነው። ጉሮሮዋ ሲደርቅ ሙቅ ውሃ ትጎነጫለች፣ ትቀጥላለች። ወደ ሐኪም ቤት ስትገባ የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ቀርቶ ነበር። አባቴ «እኔ ላንብበው» ብሎ ለመናት።

«ኬክሮስና ኬንትሮስ የሚምታታብህ ሰውዬ? እኔ ጀምሬዋለሁ፣ እኔው እጨርሰዋለሁ።»

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ድምፅዋ ሲመለስ ጎርናና ሆኖ መጣ፤ የማላውቃት ሴት የተናገረች መሰለኝ። እሷ ግን ማይኩን ወደ አፏ ጎትታ ምዕራፉን ጀመረች። ሁለት መስመር አንብባ ታርፋለች፤ እኔ እየቀጣጠልኩ አስቀምጣለሁ። ፈተናው ሳይደርስ ለተማሪዎቹ ላክነው።

ከዚያ አንዷ ተማሪ ደወለች። «መምህርት፣ ልጆቹ የመጨረሻውን ምዕራፍ ሌላ ሰው ነው ያነበበው ብለው ተከራከሩኝ። እኔ ግን እሳቸው ናቸው አልኩ።»

«በምን አወቅሽ?» አለች አክስቴ በዚያ ጎርናና ድምፅ።

«እንደ ሌሎቹ ምዕራፎች ሁሉ፣ ገጹ አልገለጥ ሲልዎት ይቆጡታል።»

አክስቴ፣ ያን ሁሉ ጊዜ እንባ ያልወጣት ሴትዮ፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች አለቀሰች።