የእትዬ ሃያ ደቂቃ

እህቴ በሰው ዓይን ትቀና ነበር። ዓይን ስላልነበራት አይደለም፤ ነበራት፣ ያውም እናታችን «የሚዳቋ ዓይን» የምትላቸው ትልልቅ ዓይኖች። ነገር ግን በወር ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ሲብስባት ደግሞ በየሳምንቱ፣ እነዚያ ዓይኖች ለሃያ ደቂቃ ያህል ይከዷት ነበር።

አመጣጡን ደጋግማ ነግራኛለች። መጀመሪያ የምታየው ነገር መሀሉ ይጠፋባታል። ሰው ስታይ አፍንጫው የለም፤ የግድግዳ ሰዓት ስታይ ከሦስት እስከ ስድስት ያሉት ቁጥሮች የሉም። ቀጥሎ በጠፋው ቦታ ላይ አንዲት የብርሃን ነጥብ ትበራለች። ነጥቧ እየሰፋች እንደ ማጭድ ትቆለመምና ጠርዟ ላይ ጥርስ ታወጣለች። ጥርሱ ይርገበገባል፣ ያብለጨልጫል፤ ዓይኗን ብትጨፍንም አይጠፋም። ሃያ ደቂቃ ገደማ ሲሞላው እየተገፋ በዳር በኩል ይወጣል። ራስ ምታቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ በአንድ ጎን ብቻ፣ ምስማር እየተመታበት እንዳለ እንጨት። ሐኪም ማይግሬን ነው ብሏታል። እኛ ቤት ስሙ «መጋዙ» ነበር። «መጋዙ መጣ» ስትል መጋረጃ ይዘጋል፣ ሬዲዮ ይጠፋል፣ እናቴ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ነክራ ግንባሯ ላይ ታደርግላታለች። አባቴ እንኳን በዚያ ክፍል በር የሚያልፈው ጫማውን አውልቆ ነበር።

እኔም እቀናባት ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ይህን መናገር ያሳፍረኛል። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እሷ አሥራ አራት። ያ ጨለማ ክፍል፣ ያ እርጥብ ጨርቅ፣ የእናቴ ወደ ሹክሹክታ የወረደ ድምፅ ሁሉም የሷ ነበር፤ ለኔ የተረፈኝ «ዝም በይ» ብቻ። አንድ ቀን ራሴን አመመኝ ብዬ አጠገቧ ተኛሁ። እናቴ ምን እንደሚታየኝ ጠየቀችኝ፤ ኮከብ አልኳት። እትዬ ዓይኗን ሳትገልጥ «ኮከብ አይደለም። ሂጂ ተጫወቺ ሚጣ» አለችኝ። እናቴ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

እትዬ የምላት ታላቄ ስለሆነች ነው። በኋላ በሥራ ቦታዋም ትንሹም ትልቁም እትዬ እያለ ይጠራት ጀመር።

ወደ ሥራ የገፋትም ያው መጋዝ ነው። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ቀን መጣባትና በወረቀቱ ቀኝ በኩል የተጻፉትን ጥያቄዎች ሳታያቸው ቀረች። ያላየውን ጥያቄ ማን ይመልሳል? ወደቀች፤ ስፌት ተማረች። ከዓመታት በኋላ እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሻንጣዬን ያሰናዳችልኝ፣ ኮት የሰፋችልኝ እሷ ናት። ኮቱ ልክክ ብሎ መጣ፤ የኪሶቹ አፍ ግን እንደተሰፋ ነበር። መተርተር ረስቼው ነው አለች። እትዬ ክር የምትረሳ ሰው አልነበረችም።

የምትሠራበት ቤት ከመድኃኒት መደብር በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስድስት የስፌት መኪናዎች ፊትና ኋላ ተደርድረዋል፤ በስተኋላ የካውያ ጠረጴዛ አለ፤ በመስኮቱ ሥር፣ ብርሃኑ በሚገባበት፣ ትልቁ የመቁረጫ ጠረጴዛ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ መቀስ የሚይዝ ሰው የቤቱ አንደኛ ነው። የተበላሸ ስፌት ይተረተራል፣ የጠበበ ይለቀቃል፤ «የተቆረጠ ጨርቅ ግን አያድግም» ይሉ ነበር የቤቱ ባለቤት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰውዬ። እትዬ አራት ዓመት መኪና ላይ ከተቀመጠች በኋላ ወደዚያ ጠረጴዛ ወጣች፤ አሥራ አራት ዓመትም ማንም አልነካባትም። ባል አላገባችም፣ ልጅ አልወለደችም። የሷ የምትለው ነገር ቢኖር ያ መስኮትና ያ መቀስ ነበር።

መጋዙን ለአንድም ሰው አልተናገረችም። ዓይኑ የሚጠፋ ቆራጭ ማን ያሠራል? እናም ዘዴ አበጀች። ነጥቧ ብልጭ ስትል ጨርቁን ዘርግታ፣ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ፣ አንገቷን ደፍታ ዝም ብላ ትቆማለች። ሰው ሲያናግራት አትመልስም። ሃያ ደቂቃው ሲያልፍ መቀሱን አንስታ ራስ ምታቱ ሳይበረታ በጥድፊያ ትቆርጥና ከኋላ ወዳለችው ትንሽ ክፍል ሄዳ ቁርጥራጭ የሚጠራቀምበት ጆንያ ላይ ጋደም ትላለች። ከጊዜ በኋላ ይህ ነገር ሙያ ሆኖ ተቆጠረላት። ጋሼ ደንበኛ ሲመጣ በኩራት ያሳዩዋት ነበር፤ እትዬ ጨርቁን በሐሳቧ ሰፍታ ሳትጨርስ መቀስ አታነሳም ይሏቸዋል። ደንበኞቹም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እኔ ይህን ስትነግረኝ ሳቄን መቆጣጠር ያቅተኝ ነበር። እሷም ትስቃለች፤ ግን አፏ ብቻ ነው።

በአሥራ አምስተኛው ዓመት ሌላ ቆራጭ ተቀጠረች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። በገባች ሳምንት ልብስ ተኳሹ ሊቀልድባት ሜትሯን ደብቆ፣ በዓይንሽ ለኪ ብሎ አንድ ሱሪ ሰጣት። አየት አድርጋ ቁጥር ጠራች። ሲለኩት የሳተችው አንድ ሚሊሜትር ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ ሚሊሜትር ሆነ።

እትዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ ቤት ትመጣ ነበር። የዚያን ዓመት ወሬዋ ሁሉ ሚሊሜትር ሆነ። ሚሊሜትር እያወራች ክር በመርፌ ታስገባለች። ሚሊሜትር ከመንገዱ ማዶ ያለውን የአውቶቡስ ቁጥር ከመስኮት ታነባለች። ሚሊሜትር ፀሐይ ፊቷ ላይ ሲያርፍ አንገቷን እንኳን አታዞርም።

«ዓይን ተርፏት እኮ ነው» አለችኝ አንድ ቀን። «ትንሽ ብታበድር ምን ይጎድልባታል?»

ሰው ምቀኛ አታሳጣኝ ይላል። ያቺ ልጅ ግን ምቀኛዋ ማን እንደሆነች እንኳን አታውቅም። እትዬ እትዬ እያለች ትከተላታለች፣ ጠመኔዋን ትቀርጽላታለች፣ የወደቀ መርፌ ታነሳላታለች። የልጅቷ ደግነት ነው የእትዬን አንጀት ይበልጥ የሚያሳርረው፤ ክፉ ብትሆን ኖሮ እኮ ጠልታት ትገላገል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ግን እትዬ ፊቷ ከስሎ መጣች። ለካ ሚሊሜትር ከመቁረጧ በፊት ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ፣ አንገቷን ደፍታ ዝም ብላ መቆም ጀምራለች። ከእትዬ የተማርኩት ነው ብላ ለሁሉም ታወራለች። ጋሼም ይቺ ልጅ ገባት ብለዋል።

እኔ መጀመሪያ የሚያስቅ መሰለኝ። እትዬ ግን እንባዋ መጣ። «እኔ በስቃይ የምከፍልበትን እሷ በነፃ ወሰደችው» አለችኝ። «ቆማ እኮ ሁሉንም ታያለች።»

የዳኛው ጨርቅ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የቤቱ የቆዩ ደንበኛ የሆኑ አንድ ዳኛ ጡረታ ሊወጡ ነበርና ለስንብቱ ቀን ሙሉ ልብስ ፈለጉ። ጨርቁን ይዘው የመጡት ራሳቸው ናቸው፤ ሟች ባለቤታቸው ከብዙ ዓመት በፊት ገዝታ በሳጥን ያስቀመጠችው፣ ቀጭን ነጭ መስመር ያለበት ጥቁር ሱፍ። አምሳያው የትም አይገኝም። ጋሼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉትና ሁለቱን ሴቶች ተራ በተራ እያዩ ማን ይቁረጠው አሉ።

በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ብለው ጠይቀው አያውቁም። በዚያው ቅጽበት እትዬ ከመስመሮቹ አንዱ መሀሉ ላይ ተቋርጦ አየች። ነጥቧ መጥታለች።

ሚሊሜትር የእትዬን ፊት አየት አድርጋ፣ እትዬ ካልተመቻት እኔ እቆርጠዋለሁ አለች። እትዬ እንደ ወትሮዋ ሃያ ደቂቃ ብትቆም ኖሮ ምንም ባልሆነ ነበር። ግን ያ አቋቋም አሁን የሁለት ሰው ሆኗል፤ ብትቆም ሚሊሜትርን የምትኮርጅ መሰላት። «ለምን አይመቸኝም?» ብላ መቀሱን አነሳች።

ተራ ጨርቅ ለሁለት ታጥፎ ሲቆረጥ የኮቱ ቀኝና ግራ አንድ ላይ ይወጣል። ባለመስመር ጨርቅ ግን መስመሩ እንዳይዛነፍ ነጠላውን ተዘርግቶ፣ መጀመሪያ ግራው፣ ከዚያ የልኩ ወረቀት ተገልብጦ ቀኙ ይቆረጣል። በወረቀቱ አንዱ ፊት ላይ «ግራ»፣ በሌላው ላይ «ቀኝ» ተብሎ ተጽፏል። ጽሑፉ ያለው በስተቀኝ ጠርዝ ነው። በዚያች ሰዓት ለእትዬ ከዓለም ሁሉ የቀኝ ጠርዝ የሚባል ነገር አልነበረም፤ በቦታው የሚርገበገብ ጥርስ ብቻ ነበር። በጣቷ እየዳሰሰች፣ በልምዷ እየተመራች ቆረጠች። ጠርዙ እንደ ምላጭ የጠራ ነበር አሉ። ወረቀቱን ግን አልገለበጠችውም። ሁለት ግራ ቆረጠች።

ስህተቷን ሳታውቅ መቀሱን አስቀምጣ ወደ ኋላ ክፍል ሄዳ ጆንያዋ ላይ ተኛች።

ሁለቱን ቁራጮች ለማያያዝ ያነሳቻቸው ሚሊሜትር ናት። አንዱን ባንዱ ላይ አደረገች፤ ገለበጠች፤ ደግማ ገለበጠች። ጨርቁ ፊትና ጀርባ አለውና በምንም መልኩ ጥንድ ሊሆን አልቻለም። ከዚያ ቁራጮቹን አጥፋ ይዛ፣ ሲቆረጥ ወጣ ብለው ወደነበሩት ጋሼ ሄደች። ቀኙን ቁረጪው ብላ እትዬ ሰጥታኝ ነበር፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ አለቻቸው። መኪናዎቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። ጋሼ የሚቆጡ ሰው አይደሉም፤ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ይህ ከቁጣ ይከፋል። ነገ እንዳትመጪ ሊሏት እንደሆነ ሁሉም ገብቶታል።

እትዬ በቀጭኑ ግድግዳ በኩል ሁሉንም ሰማች። እንደተኛች ብትቀር ኖሮ ሁሉ ነገር በዚያው ያበቃ ነበር። ያቺ ልጅ ትሄዳለች፣ መስኮቱም ጠረጴዛውም እንደ ድሮው የሷ ይሆናሉ፤ አፏን መክፈት እንኳን አያስፈልጋትም። ይህን አስባው እንደነበር አልደበቀችኝም፤ ቆም ብላ፣ አጣጥማ አስባዋለች። ግን ሌላ ነገር መጣባት። ያቺ ልጅ ዓይን አላት፣ ዕድሜ አላት፣ ሁሉም ይወዳታል፤ አሁን ደግሞ ጥሩ ሰው ሆና ልትሄድ ነው። እትዬም ዕድሜዋን ሙሉ በዚያ መስኮት ሥር ያቺን ልጅ እያመሰገነች ልትኖር ነው።

ግድግዳውን ተደግፋ ወጣች። ብርሃኑ እንደ መርፌ ይወጋታል።

«ስህተቴንም ልትወስጂብኝ ነው?» አለቻት።

«እትዬ፣ ተኚ አንቺ፣ እያመመሽ—»

«ከየት አወቅሽ እንደሚያመኝ?»

ሚሊሜትር አቀረቀረች። ካየች ቆይቷል፤ ያላየችው ምን አለና። እትዬ ከጆንያው ስትነሳ ፊቷ እንደሚገረጣ፣ በዚያ ቀን ሰው በስተቀኝ ሲመጣ እንደምትደነግጥ አይታለች።

እትዬ ወደ ጋሼ ዞራ ሁሉንም ተናገረች፤ ነጥቧን፣ ጥርሱን፣ ሃያ ደቂቃውን። ጋሼ መነጽራቸውን እንደያዙ ቀሩ።

«ያ ሁሉ ጊዜ ጨርቁን ስታስቢው አልነበረም?»

«አላየውም ነበር ጋሼ።»

ልብስ ተኳሹ ሊስቅ ሲል ካውያው አቃጠለው ይባላል፤ ይህን የጨመረችው ግን እትዬ ሳትሆን አትቀርም።

ዳኛው ዘንድ ራሷ ሄደች። ለሱሪው ከተያዘው ጨርቅ የኮቱን ቀኝ ማውጣት ይቻላል፤ ሱሪው ግን ይቀራል። ዳኛው ጨርቁን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት። ባለቤታቸው የመረጠችው ለሙሉ ልብስ ነበር። በመጨረሻ፣ ዳኛ ከወገቡ በታች ምን እንደለበሰ እስከ ዛሬ ያየ ሰው የለም፣ ሱሪው ይቅር አሉ። ያን የኮት ቀኝ የቆረጠችው ሚሊሜትር ናት። እትዬ አጠገቧ ቆማ ወረቀቱን ገለበጠችላት።

ጋሼ አላባረሯትም። ልክ መውሰዱንና በጠመኔ መሳሉን ለእትዬ፣ መቀሱን ለሚሊሜትር ሰጡ። ለሰው ሲናገሩ ሁለቱም አንደኛ ናቸው ይላሉ። ማን በመስኮቱ በኩል እንደሚቆም ግን እዚያ ቤት የማያውቅ የለም።

ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። መጋዙ ሲመጣ አሁን «መጣ» ትላለች። ሚሊሜትር መቀሷን አስቀምጣ መጋረጃውን ትጎትትና አጠገቧ ትቀመጣለች፤ ዛሬ የት ጋ ነው፣ ጥርሱ ስንት ነው እያለች ትጠይቃታለች፤ እትዬም ትነግራታለች። አንድ ቀን ስጎበኛቸው በር ላይ ቆሜ ሰማኋቸው። ለኔ ነግራኝ የማታውቀውን የመጋዙን ቀለም ለሷ ስትነግራት ነበር። ሳልገባ ተመለስኩ። አንዳንድ በሽታ በዘር ይተላለፋል ይላሉ፤ እኔ ምን እንደደረሰኝ አውቄዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አሁንም ትቀኚባታለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ዕድሜዋ ሃምሳን እየተጠጋ ነው፤ ይለቃል ብዬ ነበር። መጀመሪያ በሩ መዘጋቱን አየች፤ እኔና እሷ ብቻችንን ብንሆንም ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ሐሙስ ዕለት ኮሌታ ስትቆርጥ ሳተች» አለችኝ፤ ፊቷ እንደ ልጅ በርቷል። «ግማሽ ሴንቲ። ሙሉ ግማሽ ሴንቲ፣ ሚጣ።»

«ምን አልሻት?»

«ምን እላታለሁ? ገበሩን ሳብ አድርጌ ሸፈንኩላት። አላወቀችም።» ቀና ብላ ተቀመጠች። «ለማንም እንዳትነግሪ።»