አባታችን ሆይ መሃል ላይ የቆምኩበት

ኮምቦልቻ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በር ላይ ዘበኛ ነበርኩ። አብሮኝ የሚጠብቀው አበልጄ ነው፤ ወንዱን ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ ሰው። አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል በሩን ከፍቶ ክር የጫነ አይሱዙ አስወጣ። እኔ የኋላውን አጥር ዞሬ ስመለስ መኪናው አስፋልቱን ይዟል።

"ምንድን ነው?" አልኩት።

"የታዘዘ ነው" አለኝ። አመንኩት። አበልጅ ነዋ!

ረፋድ ላይ ክሩ መሰረቁ ታውቆ ጉዱ ሲወጣ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ አለቃው ፊት ቆመና "እሱ ሲከፍት አይቻለሁ" አለ። "ፊደል ያልቆጠረ ሰው የመውጫ ወረቀት በምን ይለያል?" ብሎ ጨመረበት። አለቃው ሳቀ። በዚያው ቀን ተባረርኩ።

ከሚስቴ ጋር ጓዛችንን ጠቅልለን ደሴ ወጣን፤ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየን። ወሬው ቀድሞን ደርሷል። አንዱ ጎረቤት ሰው ፊት "ክሩን ምን ሠራህበት፣ ጋቢ አሠራህ?" አለኝ።

ቤተ ክርስቲያን መሄድ ያበዛሁት ያኔ ነው። እውነቱን ልጻፍ፤ መጀመሪያ የሄድኩት ልጸልይ ሳይሆን ልጣላ ነው። ግቢው ውስጥ ካለ ዛፍ ሥር ተቀምጬ "ይህን ነገር የምናውቅ ሦስት ነን፤ እኔ፣ እሱና አንተ" አልኩት እግዜርን። "እኔን የሰማኝ የለም፤ እሱ ዋሸ። አንተስ ምን ይዞህ ዝም አልክ?" እግዜር ግን ያውቃል። አገር ሁሉ ሌባ ሲልህ አንድ የሚያውቅ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ እህል ቀመስኩ።

ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ። በንዴት ነው የተማርኩት። ሚስቴ "አሁን ደግሞ ዳኛ ልትሆን ነው?" እያለች ትስቅብኝ ነበር። ማንበብ ስችል የጸሎት መጽሐፍ ይዤ አባታችን ሆይን ከፈትኩ። በቃሌ ስለው እንደ ውሃ ይወርድ ነበር። በጣቴ እየተከተልኩ ሳነበው ግን፣ የበደሉንን ይቅር እንደምንል የምትለዋ ላይ ጣቴ ቆመ። ለካ ዕድሜ ልኬን ይህን ስል ኖሬአለሁ!

የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው። "አባ፣ ይህችን ዘልዬ ብጸልይስ?"

"ጸሎት ይዘለላል እንዴ፣ አንተ?"

"ታዲያ እግዜርን ልዋሸው?"

ጥምጥማቸውን አስተካከሉና "አትዋሸው። እዚያ ስትደርስ ቁም" አሉኝ።

እንዳሉኝ አደረግሁ። በየጠዋቱ እዚያች ላይ ስደርስ እቆማለሁ።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አበልጄ ሽማግሌ ይዞ ቤቴ መጣ፤ ትከሻው ላይ የይቅርታ ድንጋይ ተሸክሟል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የማከብራቸው ሼኽ ናቸው፤ ጨርቅ ነጋዴ።

"ለአላህ ብለህ ማረው" አሉኝ። "ወላሂ፣ ሰውዬው ተሰብሯል።"

"እሺ ሼኽ። እርስዎ ባሉበት አንድ ነገር ብቻ ይናገር። በሩን ማን ከፈተው?"

አበልጄ ከድንጋዩ ሥር ሆኖ "ያለፈውን እንተወው፣ አበልጄ። ሰይጣን መሃላችን ገብቶ ነው" አለ።

"ሰይጣን የፋብሪካ ቁልፍ የለውም። ማን ከፈተው?"

"ጥፋቱ እንግዲህ... የሁለታችንም ነው።"

የሁለታችንም! ለዚህ ነው ድንጋይ የተሸከመው። ልቤ ትንሽ ከፈት ብሎ ነበር፤ አልዋሽም። "ድንጋይህን ይዘህ ውጣ!" አልኩት። ሼኹ "አስተግፊሩላህ" እያሉ ተነሡ። ሚስቴ አቀርቅራ ቀረች።

በማግስቱ ዛፌ ሥር ሄድኩ። ሽማግሌ ስለመለስኩ እግዜርም የሚያኮርፈኝ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። አባታችን ሆይ ብዬ ጀመርኩ፤ እዚያች ስደርስ ቆምኩ። "ትናንት መጥቶ ደገመኝ፤ አይተሃል። አልማርኩትም። እንደ ማርኩት አድርጌም አልነግርህም" አልኩት። ቅዳሴው አልቆ ሰው እስኪወጣ ተቀመጥኩ።

እስከ ዛሬ ከዚያች ቃል አላለፍኩም። እግዜርም እስከ ዛሬ አላባረረኝም።