መርከቦች ለምን ይጋጫሉ?

ባለፈው ሳምንት ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ስሄድ፣ የሚኒባሱ ሬዲዮ ሁለት ትልልቅ መርከቦች ባሕር ላይ መጋጨታቸውን ተናገረ። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት "ያን በሚያህል ባሕር ላይ ምን አጋጫቸው?" አሉ።

ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ እኔም አጎቴን ይህንኑ ጠይቄው ነበር። አጎቴ በወጣትነቱ ምጽዋ ባሕረኛ ነበር። ዘንገና ሐይቅ ዳር እርጥብ ሣር ላይ ተቀምጠን ነበር።

"ትልቅ መርከብ ሞተሩ ቢጠፋም ቶሎ አይቆምም፤ ገና ብዙ ይሄዳል" አለኝ። "ሁለቱ ከሩቅ ይተያያሉ። አንዱ 'ያኛው ይዞርልኛል' ብሎ ይጠብቃል፤ ያኛውም እንደዚያው። መሪውን ሲያዞሩት ረፍዶባቸዋል።"

"አንዱ ቀድሞ ቢዞርስ?"

አጎቴ ከታላቅ እህቱ ከእናቴ ጋር፣ ድንበር ላይ በተተከለ ዛፍ ሰበብ ከተኳረፉ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ድንገት ተነሣና እጄን ይዞ ወደ እኛ ቤት የሚወስደውን መንገድ ያዘ። እኔ ርቦት መስሎኝ ነበር።

እናቴ ደጃፉ ላይ ድንች ትልጣለች።

"እንዴት ዋልሽ፣ እትዬ?" አላት።

እጇ ቀጥ አለ። ሳትመልስለት ገብታ በርጩማ አወጣችለት። የድንቹ ወጥ ደርሶ ሲቀርብ ግን፣ መጀመሪያ እስኪጎርስ ድረስ ዓይኗን ከፊቱ አልነቀለችም።

ይህን ሁሉ ለአዛውንቱ ነገርኳቸው።

"እናትሽስ ምን አሉት?" አሉኝ ጓጉተው።

"'ጨው አነሰው እንዴ?' አለችው" አልኳቸው።