ያልተቆጠረው ሦስተኛ ፊልም

የሰፈሩ ወጣቶች «እትዬ ፍላሽ» ይሏታል። ሱቋ በጫማ ጠጋኝና በልብስ ሰፊ ቤት መካከል የተሰነቀረች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ናት። ባንኮኒው ላይ ሲሞቅ የሚያቃስት አሮጌ ኮምፒውተር አለ፤ ከጎኑ ስፖንጁ ተላጥቶ በፕላስተር የተጠቀለለ ጥቁር የጆሮ ማዳመጫ። መስኮቱ ሥር ቻርጅ ሊደረጉ የመጡ የሰው ስልኮች ተደርድረዋል። ሥራዋ ፊልም መጫን ነው፤ ፍላሽ ላይም ስልክ ላይም የተጠየቀችውን ትጭናለች። ዲስኩ ሲሞላ ደግሞ ታጠፋለች። ስንቱን ፊልም አጥፍታለች፤ አንዱ ግን እስከ ዛሬ ሆዷን ይበላታል።

ልጆቿ ትዳር ይዘው ከወጡ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎባታል። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓትን ትወዳለች። ቅዳሜ ወጣቶቹ ከሥራ ወጥተው ሱቋን ይሞሏታል፤ ወሬያቸውም ሁሌ ያው ባለካባው ነው። ባለካባው በሰማይ የሚበር የፊልም ጀግና ነው። አምስት ፊልም ተሠርቶለታል፤ ስድስተኛው በመንገድ ላይ ነው። ከአምስቱ የትኛው እውነተኛው ነው፣ የትኛውስ አይቆጠርም እያሉ ሲሟገቱ ይመሻል።

ሙግቱን የሚመራው ብረት በያጁ ልጅ ነው። ነገር ሲከር እጁን አንሥቶ ስለሚፈርድ «ዳኛው» ብለውታል።

«አንደኛውና ሁለተኛው ይቆጠራሉ፤ አለቀ» አለ ዳኛው አንድ ቅዳሜ። «አራተኛው ተዋናዩ ቢቀየርም ታሪኩን ይዟል። ይቆጠራል።»

«አይቆጠርም!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «አገጩ የባለካባው አገጭ አይደለም። የአገጭን ነገር ለኔ ተዉልኝ፤ ቀኑን ሙሉ የማየው አገጭ ነው።»

«ጭምብል ላጠለቀ ሰው አገጭ ምን ያደርግለታል?»

«ከጭምብሉ የሚተርፈው አገጩ ብቻ አይደል እንዴ!»

ሱቁ በሳቅ ተናጋ። እትዬ ፍላሽም ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ሳቀች።

«ሦስተኛውስ?» አለች፣ መልሱን እያወቀች፣ ጨዋታውን ለማሟሟቅ።

ሦስተኛው ላይ ጠብ የለም፤ እንደማይቆጠር ሁሉም ይስማማል። በዚያ ፊልም ባለካባው ኃይሉን ያጣና እናቱ ቤት ይገባል፤ እናቱም ቁጭ ብላ የተቀደደ ካባውን ትጥፍለታለች። ሱቁ ውስጥ ያለው ቅጂ ደግሞ ድሮ አንድ ትንሽ የቴአትር ቡድን በአማርኛ ድምፅ የቀዳው ነው። ጀግናው ሊሄድ ሲነሣ እናቲቱ «መብረሩን ብረር ልጄ፣ ግን ደረብ አድርግ!» ትለዋለች። ወጣቶቹ ይህችን ንግግር በቃላቸው ይዘው፣ ዝናብ ባካፋ ቁጥር ይቀላለዱባታል።

የእናቲቱ ድምፅ የጎረቤቱ የልብስ ሰፊው የሟች ባለቤታቸው ድምፅ ነበር። ወጣቶቹ ይህን አያውቁም። እትዬ ፍላሽ ግን ታውቅ ነበር፤ ብዙ ዘመን ሆኖት ከልቧ ወጣ እንጂ።

ልብስ ሰፊው ሰው ቀለል ሲል ብቅ ይላሉ። ማዳመጫውን ያጠልቁና ያቺን ቦታ ብቻ አይተው፣ «በይ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወደ ስፌት መኪናቸው ይመለሳሉ። ሰው ሁሉ «ጋሼ ቀሽም ፊልም ይወዳሉ» እያለ ያልፋቸዋል። ያን ቅዳሜም ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ሦስተኛውም ይቆጠር እንጂ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«በምን ሂሳብ ጋሼ?» አለ ዳኛው።

«እናቱ አለችበታ።»

«ኧረ ጋሼ! ጀግና በእናቱ ተቆጥሮ ያውቃል?»

እንደገና ተሳቀ። ዳኛው ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። «እትዬ፣ ለስድስተኛው ቦታ የለኝም አላሉም? በቃ የማይቆጠረውን ያጥፉልን። የሚደግፍ እጁን ያውጣ!»

እጅ ሁሉ ወጣ። የልብስ ሰፊው እጅ ሜትሩን እንደጨበጠ ቀረ። እትዬ ፍላሽ ቀና ብላ አየቻቸው፤ እሳቸው ዓይናቸውን ሜትሩ ላይ ጣሉ። «ምነው ጋሼ?» ብትላቸው ምን ነበረበት? ግን ሱቁ ደምቋል፤ ሁሉም እሷን እያየ ነው። «ኧረ ድራሹ ይጥፋ!» አለችና ማጥፊያውን ተጫነች። ኮምፒውተሩ እርግጠኛ መሆኗን ሲጠይቃት ደግማ ተጫነች። ጭብጨባው ቀለጠ።

«በሉ ደህና ዋሉ» ብለው ልብስ ሰፊው ወጡ።

ሱቋን ዘግታ ስትወጣ በልብስ ሰፊው መስኮት በኩል ሁለተኛዋን ወንበር አየች። ላይዋ የአዝራር ጣሳ ተቀምጦባታል። ሟች ባለቤታቸው እዚያ ወንበር ላይ ሆና አዝራር ትተክል ነበር። አመሻሽ ላይ ከቴአትር ቡድኑ ስትመለስ ጉሮሮዋ ተዘግቶ፣ እዚሁ የእትዬ ፍላሽ ሱቅ ደፍ ላይ አረፍ ብላ ለብ ያለ ውሃ በማር ትጠጣለች። «ዛሬ የሚበር ልጅ ወለድኩልሽ!» ብላታለች አንድ ቀን። «ያቺን ‹ደረብ አድርግ› ከራሴ ጨመርኳት። እናት ልጇን ባዶ አንገቱን ትሸኛለች እንዴ?»

እትዬ ፍላሽ ጓጉንቸሩን በእጇ እንደያዘች ደፉ ላይ ተቀመጠች። ነግራት ነበር። ራሷ፣ በገዛ አፏ፣ እዚሁ ደፍ ላይ።

ከዚያ በኋላ ያላንኳኳችው ፊልም ቤት የለም። የቴአትር ቡድኑ ከተበተነ ቆይቷል፤ ዋናው ቅጂ የት እንደገባ የሚያውቅ ጠፋ። አንድ ሱቅ ውስጥ ግን ሦስተኛው ፊልም ተገኘ፤ ጥርት ያለ፣ በተሠራበት ቋንቋ። «ይሄ ነው ኦሪጅናሉ፣ የትም አያገኙትም» አላት ባለሱቁ እየኮራ። ቆማ አየችው። ጀግናው ሊሄድ ሲነሣ እናቲቱ ጀርባዋን ሰጥታ ዝም ትላለች። አንዲት ቃል አትወጣትም። የልብስ ሰፊው ሚስት በ«ደረብ አድርግ» የሞላችው ያንን ዝምታ ኖሯል።

በመጨረሻ ለዳኛው ነገረችው። የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሲሰማት ፊቱ ተለዋወጠ።

«የጋሼ ሚስት? እኛ እኮ... ወይ ጉድ!» እጁን ሱሪው ላይ ጠራርጎ ስልኩን አወጣ። «አንዲት ቁራጭ አለችኝ። እዚያው እርስዎ ሱቅ፣ ለቀልድ ከስክሪኑ ላይ የቀረጽኳት ናት።»

ከፈተላት። «መብረሩን ብረር ልጄ፣ ግን ደረብ...» ካለች በኋላ ሳቅ ነው። የዳኛው፣ የፀጉር አስተካካዩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማቆሚያ ያጣ የአንዲት ሴት ቀጭን ሳቅ። «ወይኔ ሆዴን! እስቲ ድገሙት!» ትላለች የምትስቀው። የራሷ የእትዬ ፍላሽ ድምፅ ነበር።

«ሳቁን ቆርጠህ አውጣልኝ የኔ ልጅ።»

«ተደባልቋል እኮ እትዬ። ሳቁ ሲቆረጥ እሷም አብራ ትቆረጣለች።»

እሑድን ስታስበው ዋለች። ባይሰሙት ይሻላል ትላለች፤ መልሳ ደግሞ ለማን ነው የሚሻለው ብላ ራሷን ታፋጥጣለች። ሰኞ ጠዋት ቁራጯን ያስጫነችበትን ስልኳንና ያን በፕላስተር የተጠቀለለ ማዳመጫ ይዛ ልብስ ሰፊው ቤት ገባች። እሳቸው ሱሪ እያሳጠሩ ነበር።

«ጋሼ፣ ያን ፊልም ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«አየሁ እኮ። ቆሜ አልነበር?»

«የእሷ ድምፅ መሆኑን አውቅ ነበር። ራሷ ነግራኛለች። እንዴት እንደረሳሁት... ምነው ያኔውኑ በተቆጡኝ!»

«ምን ብዬ? እጅ ተቆጠረ፤ ተረታሁ።»

ማዳመጫውን ሰጠቻቸው። መጀመሪያ ፊታቸው በራ። ወዲያው ዓይናቸው ከስልኩ ተነሥቶ እሷ ላይ አረፈ፤ ሳቁ ጋ ደርሰዋል ማለት ነው። ማዳመጫውን አወለቁ።

«የምትስቀዋ ማናት?»

ከወጣቶቹ የአንዱ እህት ናት ማለት ይቻል ነበር። አፏ ላይም መጥቶ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች።

የሜትራቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቀለሉት፤ ፈቱት። «‹ድገሙት› ብለሻል።»

«ብያለሁ ጋሼ።»

«እንግዲያው ድገሚው» አሉና ስልኩን ዘረጉላት።

ደገመችው።

ቁራጯ አሁን እዚያ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ናት። የቅዳሜው ክርክር አልቀረም፤ ዳኛው ብቻ ሲቆጥር ሁለተኛው ጋ ሲደርስ ጉሮሮውን ይጠራርግና ቶሎ ወደ አራተኛው ያልፋል። ልብስ ሰፊውም እንደ ቀድሞው ሰው ቀለል ሲል ይመጣሉ። ማዳመጫውን ካጠለቁ በኋላ እትዬ ፍላሽ ምንም አትሰማም። የት እንደደረሱ ግን ከፊታቸው ታውቃለች፤ ሳቋ ሊመጣ ሲል ወደ መስኮቱ ዞር ብላ፣ ቀድሞውንም የተስተካከሉትን ስልኮች ታስተካክላለች።