የዓይን ተራ

በጋሽ ሜትር የስፌት ሱቅ ውስጥ መነጽር የሚባል ቃል አይነገርም ነበር። ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ ስለማያውቅ ሰፈሩ ይህን ስም ያወጣለት ልብስ ሰፊና አብራው የምትሰፋው ሚስቱ፣ ለሁለት የሚያደርጉት አንድ መነጽር ነበራቸው፤ መጠሪያውም «ዓይን» ነው። «ዓይኑን አቀብዪኝ»፣ «ዓይኑ ላይ እንዳትቀመጥ»፣ «ቆይ፣ ዓይኑን አልጨረስኩበትም» ይባባላሉ። ደንበኞቻቸው እንኳ ልብሳቸው መድረሱን ሲጠይቁ፣ «ዛሬ ዓይኑ የማን ተራ ነው?» ማለት ለምደው ነበር።

ዓይኑን ያደረገ ይሰፋል። ያላደረገ ይተኩሳል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያወራል። ሚስቱ ወሬ ትችልበታለች። የጎረቤት ጠብ ስትተርክ የሁለቱንም ወገን ድምፅ ታወጣለች፤ እሱም በሳቅ ስፌቱ ሲጣመምበት፣ «ኧረ በናትሽ፣ ዚግዛግ አሰፋሽኝ» ይላል። ተራ ሲለዋወጡም የተሠራውንና የቀረውን በቃል ይረካከባሉ።

ይህን ያበላሸችው ልጃቸው ናት፤ ያውም በደግነት። ለአባቷ አዲስ መነጽር ገዝታ መጣች።

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ፣ አባዬ?» አለችው።

መረቃት። አዲሱ መነጽር ግን መነጽር ሆኖ ቀረ እንጂ ዓይን ብሎ የጠራው የለም።

ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስት በየስፌት መኪናቸው ላይ አቀርቅረው ይውሉ ጀመር። ሥራው ተቀላጠፈ፤ ወሬው ጠፋ። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው መቼም ከሚስቱ ጋር ልብስ ሰፍቶ አያውቅም። ጋሽ ሜትር አንዳንዴ ከስፌቱ ቀና ብሎ ሚስቱን ያያታል። «አውሪልኝ» እንዳይላት ደግሞ በዚህ ዕድሜው አፈረ። አዲስ ነገር ሲያገኝ የድሮውን የሚናፍቅ ጅል እሱ ብቻ መሰለው።

አንድ ቀን አንድ ረጅም አስተማሪ እንዲያሳጥሩለት የሰጣቸውን ሱሪ ሊወስድ መጣ። ከመጋረጃው ጀርባ ለብሶት ሲወጣ ሱሪው ቅልጥሙ ላይ ቀርቷል።

«ጋሽ ሜትር፣ ወንዝ ልሻገር ነው እንዴ?»

ጋሽ ሜትር ወደ ሚስቱ ዞረ። «አራት ጣት ቆርጬ፣ እንድታጥፊው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩልሽ እኮ።»

«ቆርጠኸው ነበር?» አለች እጇን አፏ ላይ አድርጋ። «እኔም አራት ጣት ቆርጬ ነው ያጠፍኩት።»

ከሁሉ ቀድሞ የሳቀው አስተማሪው ነው። ከራሳቸው ጨርቅ ሌላ ሱሪ ሊሰፉለት ቃል ገቡለትና እየሳቀ ሄደ።

ብቻቸውን ሲቀሩ ጋሽ ሜትር ያን መከረኛ ሱሪ ጭኑ ላይ አጣጠፈው።

«ሱሪውስ ግድ የለም» አላት። «ወሬሽ ነው የቀረብኝ። እዚሁ ጎኔ ተቀምጠሽ ናፈቅሽኝ።»

ሚስቱ መቀሱን አስቀመጠች። «እኔ ደግሞ፣ ሰውዬው የራሱን ሲያገኝ እኔን ረሳ ብዬ ልጄን ላኮርፋት ምንም አልቀረኝም ነበር።»

ተነስታ አዲሱን መነጽር ከፊቱ ላይ አነሳችና መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። እሷ ያደረገችውን አሮጌውን ዓይን አውልቃ አፍንጫው ላይ ሰካችለት። ከዚያ ወንበሯን ወደ እሱ ሳበች።

«በል ስፋ» አለችው። «የማዶዋ ሴትዮ ባለፈው ሳምንት ምን እንዳደረገች አልሰማህም።»