ያልተጨነቁት አይጦች

ወሰንየለሽ አይጡን በጓንት ይዛ ጅራቱ ላይ በቀለም የተጻፈውን ቁጥር አነበበች። አሥራ ሰባት። የሳጥኑም ቁጥር አሥራ ሰባት ነው። ከሃያዎቹ አንዱም አልተቀያየረም።

«ቆጠራው እኔን ለመያዝ ነው እንዴ?» አለ ኢስሀቅ ከበሩ ላይ።

«እጅህ ንጹሕ ከሆነ ምን አስፈራህ?»

ማኪንድዬ በሚባለው ኮረብታ ላይ ባለው በዚህ የምርምር ቤት የኢስሀቅ ሥራ የአንዱን ክፍል አይጦች በየቀኑ ለሦስት ሰዓት ጠባብ ቱቦ ውስጥ ማቆየት ነው። ወሰንየለሽ ሁለቱንም ክፍል ስታበላና ስታጸዳ ስድስት ዓመቷ። ዶክተር ዓለማየሁ የሚያጠኑት ጭንቀት አንጎልን እንዴት እንደሚለውጥ ነው፤ ጭንቀት የበዛበት አይጥ የአንጎል ሴሎቹ ቅርንጫፎች ያጥራሉ፣ አዲስ መንገድ መማርም ይከብደዋል። ቱቦ ያልገቡት ግን ፈጥነው መማር ነበረባቸው። አልተማሩም። ከተጨነቁት እኩል ደነዙ።

«ከሁለት አንዳችሁ አይጦቹን ነካክታችኋል» ብለዋል ዶክተሩ። «እስከ ዓርብ ካልታወቀ የሁለታችሁም ውል አይታደስም።»

ሐሙስ ጠዋት ኢስሀቅ ወዳልተጨነቁት ክፍል ሲገባ በበሩ መስታወት አጮልቃ አየችው። አይጦቹ ወደ ፍርግርጉ መጥተው እጁን አሸተቱ። በምግብ አለማምዷቸዋል ብላ ዘው አለች። እጁ ባዶ ነበር። እሷን ሲያዩ ግን ሃያውም ጥግ ይዘው ደረቁ።

«እትዬ፣ የሚፈሩት እርስዎን ነው» አለ ሳይስቅ። «ሁልጊዜ እንዲህ ለብሰው ነው የሚገቡት?»

በየጠዋቱ ኪዳን አድርሳ ነጠላዋን እንዳጣፋች ትመጣለች። ጋዋኗ የሚሰቀለው በወዲያኛው ክፍል ነው፤ እነዚህ ምንም አይደረጉም ብላ ቀድማ በነጠላዋ ትገባባቸዋለች። ጫፉን ገለጥ አደረገች። ቀይ ጠጉር። ቤቷ ያለችው ድመት የምትተኛው ነጠላው ላይ ነው።

ማራገፍ ትችል ነበር። ኢስሀቅ ጠጉሩን ማየት አለማየቱን ከፊቱ ፈለገች፤ አላገኘችም።

ዓርብ ነጠላውን በፌስታል አድርጋ ዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ አኖረችው።

«የድመት ጠጉር ነው፣ ዶክተር። ሽታውን በየቀኑ ይዤባቸው የገባሁት እኔ ነኝ።»

ዶክተሩ ፌስታሉን አልነኩትም። «ኢስሀቅ ነው እንዲህ ይበሉ ያለዎት?»

«ማንም አላለኝም።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ አላወቁም?»

«ድመቷን ያመጣኋት በጥር ነው።»

ቀና ብለው አተኩረው አዩዋት። የማመን ዓይን አልመሰላትም።

ጥናቱ በአርባ አዲስ አይጦች ከመጀመሪያው ተጀመረ። የኢስሀቅ ውል ታደሰ፤ የእሷ አልታደሰም።