ሦስተኛው መስኮት

ባሌ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። መንገድ ላይ ሽማግሌ ሲስቅ ባየ ቁጥር ሥራው መሆን አለመሆኑን ለማጣራት አንገቱን ያሰግጋል፤ በሀፍረት የማልቀው እኔ ነኝ። ጡረታ ሲወጣ ያርፋል ብዬ ነበር። እሱ ግን የምግብ ጠረጴዛችንን ጋዜጣ አልብሶ ትንሽ ፉርጎ ልሠራ ነው አለኝ።

"የምን ፉርጎ?"

"እናቴ የሄደችበትን።"

ታሪኩን ከተጋባን ጀምሮ አውቀዋለሁ። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ እናቱ ለሕክምና ራቅ ወዳለ ከተማ በሕመምተኞች ፉርጎ ስትሄድ፣ አክስቱ ትከሻውን ይዛ ጣቢያው ላይ አቁማው ነበር። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ እናቱ በመስኮት ብቅ አላለችም። ከሦስተኛው መስኮት የአንዲት ሴት እጅ ወጥቶ ሲወዛወዝ አይቶ፣ የማን ዕድለኛ ልጅ እናት ትሆን ብሎ ቀንቷል። እናቱ ሄዳ በዚያው ቀረች፣ ሞተች። እሱም ሃምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ "አንዴ እንኳ ብታየኝ ምን ነበረበት?" የሚለውን ጥያቄ ሆድ ይፍጀው ብሎ ኖረ። አሁን ፉርጎውን በገዛ እጁ ሠርቶ ውስጡን ማየት ፈለገ። የት ብትቀመጥ ነው ያላየችው? እውነቱን ለመናገር፣ የእናት ሐሳብ ካርቶን ውስጥ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መስሎኝ ነበር፤ አልነገርኩትም እንጂ።

እውነተኞቹ ፉርጎዎች ተቆራርጠው ከቀለጡ ቆይተዋል፤ ፎቶግራፍም የለም። አንዱን ሜትር ሁለት ሳንቲም አድርጎ ከትዝታው ጀመረ። ግድግዳው ከመድኃኒት ካርቶን፣ አግዳሚ ወንበሩ ከክብሪት እንጨት፣ መስታወቱ ከሸሚዝ ማሸጊያ ላስቲክ ሆነ። አንድ ጠዋት ካፖርቴን ብለብስ አልቆለፍ አለኝ። ስምንቱም ቁልፍ የለም! ዞር ብል ፉርጎው ቁልፎቼን መንኮራኩር አድርጎ ቆሟል።

"አንተ ሰው፣ በብርድ ልትገድለኝ ነው?"

"ልክክ አሉ እኮ!" አለኝ፣ የምሥራች እንደሚነግር ሰው።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ትተኛለች። እኔ የስፌት መኪናዬን እረግጣለሁ፣ እሱ ትንንሽ እንጨቶቹን በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል። የመኪናዬ ድምፅ ቀስ እያለ የሐዲድ ድምፅ ይሆንብኛል። ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ ቤታችን ከነዕቃው ወደ ፊት የሚሄድ፣ የጎረቤቱ አጥርና የተሰጣው ልብስ ወደ ኋላ የሚቀር ይመስለኛል። እሱም ብሩሹን እንደያዘ ፍዝዝ ይላል። የት እንደሄደ ስለማውቅ አልጠራውም። ደስ ይለኝ ነበር፤ እንዲያውም ባያልቅ እል ነበር።

ሰፈሩ ጋሽ መጋዝ የሚላቸው ጎረቤታችን በወጣትነታቸው የባቡር ጥገና ክፍል አናጢ ነበሩ። ሊያዩለት መጥተው ፉርጎውን ከአፍንጫቸው አስጠጉት።

"ጎበዝ ነህ ልጄ። ግን የሕመምተኞቹ ነው አላልከኝም? የነሱ መስኮት እንዲህ አልነበረም። ሰው እንዳያያቸው ታችኛው መስታወት ነጭ ቀለም ይቀባል፤ አይከፈትም። የሚከፈተው ላይኛው ብቻ ነው፣ ከወለሉ አንድ ሜትር ከስልሳ ላይ። ስጠግነው የኖርኩት እኔ አይደለሁ?"

ባሌ የአንድ ወር ሥራውን በምላጭ ገሽልጦ መስኮቶቹን እንደ አዲስ ሠራ። ከዚያ አክስቱ ያቆየችለትን የእናቱን ቀሚስ ከቁም ሣጥን አውጥቶ ጭኔ ላይ አኖረው።

"አንቺ ታውቂያለሽ። ቁመቷ ምን ያህል ነበር?"

ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከቀሚስ ሰው አወጣለሁ። ትከሻውን ለካሁ፣ ወገቡን ለካሁ። ጫፉ ሁለት ጊዜ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተሰፍቷል። ሜትሬን ባላምነው ደግሜ ለካሁ። እሱ ሁልጊዜ የሚያወራልኝ ስለ ረጅም ሴት ነበር። ለስድስት ዓመት ልጅ ደግሞ ማን አጭር አለ?

"አንድ ሜትር ከአርባ አምስት። ከዚህ አታልፍም" አልኩት።

ለጥርስ ሥራ ከሚጠቀምበት ሮዝ ሰም ሦስት ሳንቲም የማትሞላ ሴት ቀረጸ። የፉርጎውን ጣሪያ አንስቶ ከመጀመሪያው መስኮት ሥር አቆማት፤ ጣሪያውን መለሰና ጉንጩን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ እንደ ልጅ ከታች አየ። ነጭ መስታወት ብቻ። አናቷ እንኳ ክፍት ቦታው ላይ አይደርስም። ሁለተኛውም መስኮት እንደዚያው። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ሰሙን በትንፋሹ አሙቆ ክንዷን ወደ ላይ ዘረጋው፤ ጣሪያውን ገጥሞ ጎንበስ አለ።

ከመስኮቱ እጅ ብቻ ወጥቷል።

እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ።

"የሷ ነበር" አለ። "እኔ አኩርፌ እጄን ኪሴ ከትቼ ነበር። አልመለስኩላትም።"

"እሷም እኮ አታይህም ነበር" አልኩት፣ ላጽናናው ብዬ።

"አዎ" አለ። "ሳታየኝ ነው ያወዛወዘችልኝ።"

ጉንጩን ከጠረጴዛው ሳያነሳ፣ ሙጫ የደረቀበትን እጁን ከፍ አድርጎ አወዛወዘ። እኔም ቀሚሱን እንደታቀፍኩ አጠገቡ ተቀምጬ እጄን አነሳሁ።